ከግዞት ቤት መውጣትና ከነውር መንጻት፤ በዮሴፍ ፥ በሶስናና በቅዱስ ጳውሎስ ታሪክ ላይ የተደረገ ምርመራ

የዮሴፍ ታሪክ በተነበበ ቍጥር በብዙ ሰባክያን አፍ አንድ ቃል ሲነገር እንሰማለን። ይኸውም ዮሴፍ በሐሰት ተከሶ ታሰረ ፥ ኋላም እግዚአብሔር ነጻ አወጣው የሚል ነው። ቃሉ ለበጎ የተነገረ ነውና ሰባክያኑን አንነቅፍም። ነገር ግን በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እንደ አንድ ተቈጥረዋል። ከግዞት ቤት መውጣት አንድ ነገር ነው፤ በደል አልተገኘብህም ተብሎ በአደባባይ ከነውር መንጻት ሌላ ነው። መጽሐፍ ለይቶ የጻፈውን እኛ ቀላቅለን ብናስተምር ጕዳቱ በትርጓሜ ላይ ብቻ አይቀርም። በሐሰት ተፈርዶበት የኖረውን ሰው ፥ ከተፈታህ ሌላ ምን ቀረህ ለሚል ዳኛ አሳልፈን መስጠታችን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፍ እንመርምር።

፩ኛ፤ ስለ ዮሴፍ

በኦሪት ዘፍጥረት በ39ኛው ምዕራፍ የጲጥፋራ ሚስት ዮሴፍን በከሰሰችው ጊዜ የነበራት ማስረጃ አንድ ልብስ ነው። ልብሱ በእጅዋ ቀርቶ ነበርና እርሱን ይዛ አስቀድሞ ለቤትዋ ሰዎች ፥ ኋላም ለባልዋ ተናገረች። ባልዋም ተቈጣ፤ ዮሴፍንም የንጉሥ እስረኞች ወደሚታሰሩበት ስፍራ አገባው። ሐተታ፤ ከሳሽ ሁለት ጊዜ ስትናገር ተጽፏል፤ ተከሳሹ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሲጠየቅ አልተጻፈም። ልብሱ በሴቲቱ እጅ ስለ መቅረቱ ይመሰክራል እንጂ ስለምን እንደ ቀረ አይመሰክርም። ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በ40ኛው ምዕራፍ ዮሴፍ ለጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ሕልሙን ከተረጐመለት በኋላ ሁለት ነገር ነገረው። አንደኛው ፥ በፈርዖን ፊት አስታውሶት ከዚያ ቤት እንዲያስወጣው ለመነው። ሁለተኛው ፥ ከዕብራውያን አገር ተሰርቆ እንደ መጣ ፥ በግብፅም ለእስራት የሚያበቃ ሥራ እንዳልሠራ አስረዳው። እንግዲህ መፈታትንና ንጽሕናን ለይቶ የተናገረ ዮሴፍ ራሱ ነው። ሰውየው ግን ረሳው። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ፈርዖን ሕልም ባየ ጊዜ ዮሴፍ ትዝ አለው። ምን ብሎ ተናገረለት ቢሉ ፥ የዘበኞች አለቃ ባሪያ የሆነ አንድ ዕብራዊ ጐልማሳ ሕልም መተርጐም ያውቃል ብሎ ነው። ዕውቀቱን ነገረ ፥ ንጽሕናውን ተወ። ከተሰጠው አደራ እኩሌታውን አደረሰ ፥ እኩሌታው በአፉ ቀረ።

ፈርዖንም ይህ ሰው ስለምን ታሰረ ብሎ አልጠየቀም። ዮሴፍን አቻኵለው አወጡት፤ ተላጨ ፥ ልብሱን ለወጠ ፥ በንጉሥ ፊት ቆመ። ስለምን ተፈታ ቢሉ ፥ ንጉሡ ስለ ፈለገው ነው፤ ንጽሕናው ስለ ተመረመረ አይደለም። ከዚያ ወዲያ እስከ መጽሐፉ ፍጻሜ ድረስ የሴቲቱ ክስ ሐሰት ነው ብሎ የፈረደ አንድ ዳኛ አናገኝም። በመዝሙረ ዳዊትም በ104ኛው መዝሙር የዮሴፍ እግር በብረት መጐዳቱ ፥ ንጉሥም ልኮ መፍታቱና መሾሙ ይነገራል፤ ስለ ክሱ መሻር ግን የተነገረ የለም።

እዚህ ላይ የሚከራከር ይኖራል። በግብፅ ሁሉ ላይ መሾሙ ራሱ ከነውር መንጻት ነው ፥ እግዚአብሔር ያከበረውን ማን ይነቅፈዋል ይላል። መልስ፤ ስለ ዮሴፍ ይህ አነጋገር መልካም ነው። ምስክሩ እግዚአብሔር ነበርና። ነገር ግን ሹመት የነቃፊውን አፍ ያዘጋል እንጂ ነቀፋውን አይሽርም። ሰው ለሹም ዝም የሚለው ፈርቶም ሊሆን ይችላል። ደግሞስ በየግዞት ቤቱ ካሉት እስረኞች ንጉሥ ሕልም የሚያይለት ስንቱ ነው? ሕልም መተርጐም የማያውቅ ድኻ ንጹሕ ሆኖ ቢታሰር በምን ይወጣል? ስለዚህ የዮሴፍ አወጣጥ የእግዚአብሔርን ቸርነት ያስተምረናል እንጂ ለዳኞች ሥርዓት አይሆንም። ለዳኞች ሥርዓት የሚሆነው የሶስና ታሪክ ነው።

፪ኛ፤ ስለ ሶስና

ከዳንኤል መጽሐፍ ጋር በሚነበበው በሶስና ታሪክ ሁለት ሽማግሌዎች ፥ በዚያ ዓመት ዳኞች ሆነው የተሾሙ ፥ ፈቃዳቸውን አልፈጽምም ብትላቸው ከጐልማሳ ጋር አገኘናት ብለው መሰከሩባት። ጉባኤውም አምኖ ሞት ፈረደባት። ስለምን አመነ ቢሉ ፥ መስካሪዎቹ የሕዝቡ ሽማግሌዎችና ዳኞች ስለ ነበሩ መሆኑን መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ይህ ነገር በተለይ ለእኛ ለካህናትና ለመኳንንት የተጻፈ ነው። የምስክሩ ማዕርግ የምስክርነቱን ምርመራ አስቀረው። ሶስና የተፈረደባት ማስረጃ በዝቶባት አይደለም፤ የከበሩ ሰዎችን ቃል መመርመር እንደ ድፍረት ስለ ተቈጠረ ነው።

ብላቴናው ዳንኤል ወደ ሞት በምትወሰድበት ጊዜ ተነሣ። ምን አለ ቢሉ ፥ ማሯት አላለም፤ ወደ ፍርድ አደባባይ ተመለሱ አለ። ምሕረት ቢለምንላት ኖሮ ከሞት ትድን ነበር ፥ ነውሩ ግን ከእርስዋ ጋር ወደ ቤትዋ ይገባ ነበር። ከዚህ በኋላ ሁለቱን ሽማግሌዎች አራርቆ አቆማቸውና እያንዳንዳቸውን በምን ዛፍ ሥር እንዳዩዋት ጠየቃቸው። አንዱ የአንድ ዛፍ ፥ ሁለተኛው የሌላ ዛፍ ስም ጠራ። በዚህ ሐሰታቸው ተገለጠ፤ ሕገ ሙሴ በሐሰት ምስክር ላይ እንደሚያዝዘውም በባልንጀራቸው ላይ ሊያደርጉት ያሰቡት በራሳቸው ተደረገባቸው።

ከዚህ ታሪክ አራት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ ፥ የተፈረደው ፍርድ ዳግመኛ ታየ፤ ፍርድ አንድ ጊዜ ከተሰጠ አይመረመርም የሚል አልተገኘም። ሁለተኛ ፥ የታየው የፈረደው ጉባኤ ባለበት ነው። ሦስተኛ ፥ ስሕተቱ በምን እንደ ሆነ በግልጥ ተነገረ። አራተኛ ፥ በመጨረሻ አባትዋና እናትዋ ፥ ባልዋና ዘመዶችዋ ሁሉ ነውር ስላልተገኘባት እግዚአብሔርን አመሰገኑ። እንግዲህ መጽሐፉ የቤተ ሰቡ ምስጋና ስለ መትረፍዋ ብቻ እንዳልሆነ ለይቶ ተናገረ። ክሱ ቤቱን ሁሉ እንደ ነካ ፥ መንጻቱም ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል።

፫ኛ፤ በጌታችን ላይ ስለ ተፈረደው ፍርድ

በዮሴፍ መፈታት ነበረ ፥ የንጽሕና ቃል አልነበረም። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ላይ በተፈረደው ፍርድ ግን ተገላቢጦሹን እናያለን። በዮሐንስ ወንጌል ጲላጦስ በደል እንዳላገኘበት ሦስት ጊዜ በአደባባይ ተናገረ፤ ከተናገረ በኋላም ለስቅለት አሳልፎ ሰጠው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጲላጦስ ስለ ምስክርነቱ በበጎ ይታሰባል፤ ይህን አንነካም። ነገር ግን ዳኛ ለሆነ ሰው የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፤ ንጹሕ ነው ብሎ የሚቀጣ ዳኛና ጥፋተኛ እንደ ሆነ ትቶ የሚፈታ ዳኛ ሁለቱም ፍርዱን እኩሌታ አጕድለዋል። ቃሉና ሥራው አንድ ሆነው የተገኙት በሶስና ነው።

፬ኛ፤ ስለ ቅዱስ ጳውሎስ

በግብረ ሐዋርያት በ16ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ሳይፈረድባቸው በሕዝብ ፊት በበትር ተመቱ ፥ እግራቸውም በግንድ ተጠርቆ ታሰሩ። በነጋ ጊዜ ገዢዎቹ ሎሌዎቻቸውን ልከው ይፈቱ አሉ። የወኅኒው ጠባቂም ደስ ብሎት በሰላም እንዲሄዱ ነገራቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን እንቢ አለ። የሮሜ ዜግነት ያላቸውን ሰዎች ያለ ፍርድ በግልጥ መትተው በስውር ሊያስወጧቸው እንደማይገባ ፥ ገዢዎቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጧቸው ጠየቀ። ገዢዎቹም ፈርተው መጡ ፥ ለመኗቸው ፥ አወጧቸው።

ይህን ትዕቢት ነው የሚል ቢኖር አልተመለከተም። ሌሊቱን በእስር ቤት ሲዘምር ያደረ ሰው ስለ ሥጋው ክብር የሚከራከር አይደለም። ታዲያ ስለምን ነው ቢሉ ፥ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ እንመልከት። ወደ ልድያ ቤት ሄደ፤ በዚያ የነበሩትን ወንድሞች አጽናንቶ ተለየ። በከተማይቱ የምትቀረው ያች ታናሽ ማኅበር ናት። መምህራኗ በአደባባይ ተገርፈው በስውር ቢወጡ የወንበዴ ደቀ መዛሙርት ተብላ ትኖር ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ገዢዎቹን በእግራቸው ያስመጣቸው በኋላው ለሚቀሩት ሲል ነው ብንል ከታሪኩ ጋር ይስማማል። ግርፋቱ በግልጥ ነበረና ማውጣቱም በግልጥ ሊሆን ይገባ ነበር።

፭ኛ፤ በፈረንሳይ አገር ስለ ሆነው ነገር

ይህ ልዩነት በመጻሕፍት ብቻ ያለ እንዳይመስል ፥ በዓለም ሁሉ የታወቀ አንድ ነገር እንጥቀስ። አልፍሬድ ድሬይፉስ የተባለ አይሁዳዊ ሻምበል በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሲያገለግል ምስጢር ለጀርመን ሸጠ ተብሎ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ተፈረደበት። በጥር ወር 1895 ዓ.ም. በፓሪስ በጦር ትምህርት ቤት ግቢ ማዕርጉን ከልብሱ ገፈፉት ፥ ሰይፉንም ሰበሩበት፤ ከዚያም የዲያብሎስ ደሴት ወደሚባለው ግዞት ላኩት። በደለኛው ኤስተራዚ የተባለ ሌላ መኰንን መሆኑ እየታወቀ ሲሄድ እንኳ የጦር ፍርድ ቤቱ በ1898 ዓ.ም. ኤስተራዚን ነጻ አለው። በ1899 ዓ.ም. በሬን ከተማ የድሬይፉስ ነገር ዳግመኛ ቢታይም እንደ ገና ጥፋተኛ ተባለ፤ ጥቂት ቀን ቈይቶ ፕሬዚዳንቱ ኤሚል ሉቤ ምሕረት አደረጉለት።

ድሬይፉስ ጤናው ተጐድቶ ነበርና ምሕረቱን ተቀበለ። ነገር ግን ክብሩ እስኪመለስለት ድረስ እንደማያርፍ በዚያው ጊዜ አስታወቀ። ምሕረት የሚደረገው ለበደለኛ ነውና ፥ ምሕረቱ ከእስር ቢያወጣውም የበደለኛ ስም ይዞ እንዲኖር ያደርገው ነበር። ሰባት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ በ1906 ዓ.ም. የሰበር ፍርድ ቤት የሬኑን ፍርድ ሽሮ ንጹሕ መሆኑን አወጀ። በዚያው ወር በጦር ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰልፍ ተሰልፎ የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ተሰጠው። ማዕርጉ የተገፈፈበት ትምህርት ቤት ክብሩ የተመለሰበት ትምህርት ቤት ሆነ። የዚያ አገር ሰዎች ነገሩን ያደረጉት አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይተው ነው፤ ያደረጉት ግን በሶስና ሥርዓት ነው።

፮ኛ፤ በአገራችን

የጌጃ ሰፈር አንባቢ ይህን ነገር ለማየት ሩቅ አይሄድም። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ በዚያው በልደታ ክፍለ ከተማ ነው። በሚያዝያ ወር 2006 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ በሚል ስም በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩ ስድስት ጸሐፊዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በሽብርተኝነትም ተከሰሱ። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. አምስቱ ክሳቸው ተነሥቶ ተፈቱ። የቀሩት አራቱ ግን በእስር ቈይተው በጥቅምት ወር 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ሦስቱን ፥ ከእነርሱም ጋር በሌለችበት የተከሰሰችውን አንዲት ሴት ፥ ነጻ ናችሁ አላቸው። አራተኛውንም ከሽብር ክሱ ነጻ አድርጎ በሌላ ክስ እንዲከላከል አዘዘ። አስቀድመው የወጡት እንደ ዮሴፍ ወጡ፤ ክሱ ስለምን እንደ ተነሣ ዳኛ አልመረመረም። ዘግይተው የወጡት ግን መፈታትን ብቻ ሳይሆን ቃልን ይዘው ወጡ። ቀኑን ለቈጠረ የፊተኞቹ ዕድል ይሻላል፤ ስምን ለመዘነ ግን የኋለኞቹ ይሻላል።

በየካቲት ወር 2010 ዓ.ም. ብዙ እስረኞች በይቅርታ በሚፈቱበት ጊዜ ፥ በ2004 ዓ.ም. 18 ዓመት የተፈረደበት ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ የግንቦት 7 አባል ነበርሁ በሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርም ተጠየቀ። ያልሆንሁትን ነበርሁ ብዬ አልፈርምም አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሳይፈርም ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሠራው ሥራ ይህ ጽሑፍ አይናገርም፤ የምንመለከተው ያችን አንዲት ቀን ብቻ ነው። በዚያች ቀን የተጠየቀው በፊልጵስዩስ ከተጠየቀው የሚከብድ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስን በስውር ውጣ ብቻ አሉት፤ በደለኛ ነኝ ብለህ ፈርመህ ውጣ አላሉትም።

ስለ ሌሎች ከተናገርን ስለ ራሳችን ቤት ዝም ማለት አይገባም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በግንቦት ወር 1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሁለተኛ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ደርግ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳትን ሾሙ በማለት ሌላም ነቀፋ ጨምሮ በየካቲት ወር 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አወረዳቸው ፥ አሰራቸውም። በዚያው ዓመት እርሳቸው በሕይወት ሳሉ በመንበራቸው ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ይህ ከቀኖና ውጭ ነው ብላ አልተቀበለችውም። በ1971 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ ፍርድ በስውር ተገደሉ። የተቀበሩበት ስፍራ እስከ ደርግ ውድቀት ድረስ ለሕዝብ አልተገለጠም ነበር። በ1984 ዓ.ም. አጽማቸው ወጥቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፈ።

ይህ ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን የአጽም ክብር ከዮሴፍ ሹመት ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ነቀፋውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አንድ በአንድ አይመረምረውም። መንግሥት ባወረዳቸው ጊዜ ነቀፋው በአደባባይ ተነገረ፤ ከካህናትም ከምእመናንም መካከል አምኖ የተቀበለው ፥ ሳያምንም ፈርቶ ዝም ያለው ጥቂት አልነበረም። እንግዲህ ስለ እኒህ አባት በምንሰብክበት ጊዜ ተገደሉ ፥ በክብር ተቀበሩ ብለን ብቻ ብናልፍ እንደ ጠጅ አሳላፊው የአደራውን እኩሌታ እናስቀራለን። ምን ተብለው እንደ ተነቀፉ ፥ ያለ ምርመራ እንደ ተፈረደባቸው ፥ መውረዳቸው ከቀኖና ውጭ እንደ ነበረ ፥ ነቀፋውን ማን ተቀብሎ እንዳስተጋባ መናገር ይገባናል። ጉባኤው በፈረደበት አደባባይ ካልተመለሰ የዳንኤል ድምፅ ሥራውን አልፈጸመም።

፯ኛ፤ ለንጹሕ ሰው የሚከፈል ዕዳ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። በሐሰት የተፈረደበት ሰው በሚፈታበት ጊዜ የሚሰጠው ቸርነት አይደለም፤ የሚከፈለው ዕዳ ነው። ዕዳም በተበደረበት መጠን ይከፈላል። በአደባባይ የተነቀፈ በአደባባይ ይንጻ። በጽሑፍ የተፈረደበት በጽሑፍ ይመለስለት። የነቀፈው አፍ ራሱ ይናገር። ስሕተቱ በምን እንደ ሆነም ይገለጥ፤ ምክንያቱ ያልተነገረ መፈታት ለሐሜት በር ይከፍታልና። ሰውየው ሞቶ ቢሆን ለልጆቹ ይነገር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ያዝዛል። ሕጉ ለዳኛ የተጻፈ ነው፤ ጎረቤትን ግን የሚያዝዘው ሕሊናው ነው።

በጌጃ ሰፈርም ሆነ በሌላ ስፍራ ሰው ከእስር ሲመለስ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ይሉታል ፥ ቡና አፍልተው ይቀበሉታል። ዞር ሲል ግን ያለ ነገር አልታሰረም የሚል አይጠፋም። ይህ ቃል ከሁለቱ ሽማግሌዎች ቃል የሚለየው በዳኛ ወንበር ላይ ሆኖ ስላልተነገረ ብቻ ነው። ልጁን ለመዳር ፥ ሥራ ለመያዝ ፥ በማኅበር ጽዋ ለመጠጣት የሚያስቸግረው ይኸው ቃል ነው። የንስሐ አባት ይህን በሰማ ጊዜ ነገሩን አያሳልፍ። ማስረጃ ያለው በፍርድ አደባባይ ይመስክር ፥ የሌለው አፉን ይያዝ ብሎ ይገሥጽ። የዕድር ዳኛም ንጹሕ መሆኑ የታወቀለትን አባል በጉባኤው መካከል ስሙን ጠርቶ ይህ ሰው በደል የለበትም ብሎ ይናገርለት። አንድ ቃል ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም።

መኳንንትና ዳኞችም ከእናንተ በፊት የነበረው ዳኛ ተሳስቶ ቢሆን ፍርዱን መመርመር እርሱን ማዋረድ አይምሰላችሁ። በሶስና ጉባኤ የተዋረዱት በሐሰት የመሰከሩት ሁለቱ ናቸው፤ ተመልሶ የመረመረው ጉባኤ አልተዋረደም። ጠጅ አሳላፊው ኃጢአቱን ያሰበው በሁለት ዓመቱ ነው፤ ያም ቢሆን የነገረው እኩሌታውን ነው። እኛ ግን ስለ ታሰረው ወንድማችን በምንናገርበት ጊዜ ሁለቱንም አደራ እናድርስ፤ ይፈታ ዘንድ እንለምን ፥ ንጹሕ ከሆነም ንጹሕ ነው እንበል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።